ሲሄዱ 16 ሰዓት ተኩል፣ ሲመለሱ 13፦ የአዲስ አበባና የዋሽንግተን በረራ ለምን እኩል አይሆንም?

አክስቴ ዋሽንግተን ያለችውን ልጇን ልትጠይቅ በተነሳች ጊዜ ትኬቷን አሳትማ ይዛ መጣች። ወሩ ሐምሌ ነበር። መነጽሯን ከፍ ዝቅ እያደረገች ቁጥሮቹን በጣቷ አሳየችኝ። ከቦሌ መነሻው 22:45 ይላል። ዋሽንግተን ደለስ አየር ማረፊያ መድረሻው በማግስቱ 08:15። መመለሻው ደግሞ ከደለስ 11:00 ይነሳና በማግስቱ 07:00 ቦሌ ይገባል።

"ልጄ፣ ስሄድ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው፣ ስመለስ ሃያ ሰዓት። በሌላ መንገድ ነው እንዴ የሚመልሱኝ?"

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ይጠይቃል። የትኬቱን ቁጥር እንዳለ ቀንሶ ላየው ሰው እውነትም እንደዚያ ይመስላል። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። የሚረዝመው መሄጃው ነው፣ 16 ሰዓት ተኩል ገደማ። ለመመለሻው 13 ሰዓት ገደማ ይበቃል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት ያው ነው። ልዩነቱን የሚያመጡት በዋናነት ሰማይ ላይ ያለው ነፋስና ቦሌ የተቀመጠበት ከፍታ ናቸው። ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን ትኬቱን በትክክል እናንብበው።

ትኬት ላይ የተጻፈው የማን ሰዓት ነው?

የየአገሩ ነው። መነሻው በመነሻው ከተማ ሰዓት ይጻፋል፣ መድረሻው በመድረሻው ከተማ ሰዓት። ቁጥሩ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ በ24 ሰዓት ነው። ስለዚህ የአክስቴ 22:45 በእኛ ከምሽቱ ለ5 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው።

ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ ወደ ኋላ ትቀራለች። በስንት? እንደ ወሩ ይለያያል። አሜሪካኖች ሰዓታቸውን በዓመት ሁለቴ ያዞራሉ፤ በማርች ወር ሁለተኛው እሑድ አንድ ሰዓት ወደፊት፣ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ። እኛ አናዞርም። ስለዚህ በእነሱ የሙቀት ወራት፣ ከማርች እስከ ኖቬምበር፣ ልዩነቱ 7 ሰዓት ነው፣ በእነሱ የቅዝቃዜ ወራት 8።

አሁን ሐምሌ ላይ እናስላው። መሄጃው ላይ የሚታየው 9 ሰዓት ተኩል ነው። ሰዓት ወደ ኋላ ወደሚቀርበት አገር ስለሄደች 7 እንደምራለን፣ 16 ሰዓት ተኩል ይመጣል። መመለሻው ላይ የሚታየው 20 ሰዓት ነው። 7 ስንቀንስ 13 ይሆናል። አክስቴ ይህን ስትሰማ "ታዲያ ለምን ደምረው አይጽፉትም?" አለች። ብዙ ጊዜ ይጻፋል፤ ጠቅላላው የጉዞ ሰዓት ትኬቱ ላይ በትንሽ ፊደል ይቀመጣል። ዓይን ግን ቀድሞ የሚያርፈው ደመቅ ያለው መነሻና መድረሻ ላይ ነው።

አሜሪካ ዘመድ ላለው ሰው የምትጠቅም አንዲት አቋራጭ አለች። የእኛን ሰዓት ያዙ፣ በሙቀቱ ወራት 1 ቀንሱ፣ በቅዝቃዜው 2 ቀንሱ። የሚመጣው ቁጥር ዋሽንግተን ላይ በፈረንጅ ሰዓት የሚነበበው ነው። አዲስ አበባ ከቀኑ 9 ሰዓት ከሆነ በሐምሌ እዚያ ጠዋት 8 ነው፣ በጥር ጠዋት 7። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ስትደውሉ ደግሞ በሐምሌ እዚያ ከቀትር በኋላ 2 ነው። ሥራ ላይ ናቸው።

ከሁሉ በላይ ሰው የሚጎዳው ግን የእኩለ ሌሊት በረራ ነው። ትኬቱ "ቀን 15፣ 00:30" ካለ ጉዞው ያለው በ14 ማታ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። በእኛ ልማድ ግን ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው። 00:30 ለእኛ ገና የ14 ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል ነው። አንድ የሰፈራችን ልጅ ወደ ዱባይ ሊሄድ በ15 ማታ 3 ሰዓት ላይ ሻንጣውን እየጎተተ ቦሌ ደረሰ። አውሮፕላኑ ከሄደ 20 ሰዓት አልፎታል። ሸኚው ሁሉ አብሮት ነበር። ወደ ቤት ሲመለሱ መኪናው ውስጥ አንድም ሰው አልተነፈሰም። ከ00:00 እስከ 05:59 የተጻፈ በረራ ስታዩ ከቀኑ ላይ አንድ ቀንሱና "የዚህ ቀን ማታ እወጣለሁ" ብላችሁ ካላንደር ላይ አክብቡት።

ርቀቱስ ስንት ነው?

ከቦሌ እስከ ደለስ በአጭሩ መስመር 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በማይል 7,180 አካባቢ።

"አጭሩ መስመር" የሚለው ቃል ማብራሪያ ይፈልጋል። ግድግዳ ላይ የምንሰቅለው ካርታ ክብ የሆነችውን ምድር እንደ እንጀራ ዘርግቶ ያሳየናል። ክብ ነገር ሲዘረጋ ደግሞ የሆነ ቦታ መሳቡ አይቀርም። ካርታው ላይ በማስመሪያ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ብታሰምሩ መስመሩ በቻድ፣ በኒጀር፣ በማሊ አድርጎ አትላንቲክን ያቋርጣል። ቀጥ ያለ ይመስላል። አጭሩ መንገድ ግን እሱ አይደለም።

አንድ ብርቱካን አንሱ። አዲስ አበባ ያለችበትንና ዋሽንግተን ያለችበትን ቦታ በእስኪርቢቶ ምልክት አድርጉ። በሁለቱ መካከል ክር ወጥሩ። ክሩ ሲወጠር በራሱ ወደ ሰሜን ሸሸት ብሎ ይቀመጣል። ይህ ነው አጭሩ መስመር። ከቦሌ የሚነሳው ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው። በሱዳን፣ በሊቢያ፣ በአልጄሪያ፣ በስፔንና በፖርቱጋል ላይ አልፎ ነው አትላንቲክን የሚያገኘው።

ይህን ስታውቁ አንድ ሌላ ነገር ይገባችኋል። ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ለዓመታት አየርላንድ ደብሊን ላይ ሲያርፍ ቆይቷል። ካርታ ያየ ሰው "ወደ ሰሜን ምን ወሰደው? ዞሮ አይደለም እንዴ?" ይላል። ከቦሌ ደብሊን 6,365 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደብሊን ደለስ 5,465 ገደማ። ሲደመር 11,830። ከአጭሩ መስመር የሚበልጠው በ270 ኪሎ ሜትር ነው። ይህ በአውሮፕላን 20 ደቂቃ አይሞላም። እኔ ራሴ መጀመሪያ ስደምረው አላመንኩም፣ ደግሜ ነው ያሰላሁት።

በተግባር አውሮፕላን በክር ላይ አይሄድም። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ የአገሪቱ ሰማይ ለመንገደኛ በረራ በአብዛኛው ዝግ ሆኗል። የሊቢያንም ሰማይ ብዙ አየር መንገዶች ይሸሹታል። ስለዚህ ወደ አውሮፓና አሜሪካ የሚሄድ አውሮፕላን ዞር ማለት አለበት። ዙሪያውም በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይጨምራል። ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው የርቀት ቁጥር ይህን አያካትትም።

ፍጥነቱ አንድ ከሆነ ሰዓቱ ለምን ይለያያል?

ትልልቅ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ከፍታቸውን ከያዙ በኋላ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራሉ። ይህ ፍጥነት የሚለካው በዙሪያቸው ካለው አየር አንጻር ነው። አየሩ ራሱ ግን ቆሞ አይጠብቅም።

ወንዝ ውስጥ የሚዋኝ ሰው አስቡ። ክንዱ ያው ክንድ ነው፣ ጉልበቱም ያው። ከውሃው ጋር ሲሄድ ዳር ላይ የቆመ ሰው በሩጫ አይደርስበትም። ወደ ላይ ሲዋኝ ግን ያው ክንድ እየቀዘፈ እዚያው የቆመ ይመስላል። አውሮፕላኑም እንደዚሁ ነው።

በሰማይ ላይ ያለው ወንዝ ጄት ስትሪም ይባላል። ከመሬት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚሮጥ ጠበብ ያለ ፈጣን ነፋስ ነው። ከምድር ወገብ በኩል ያለው ሞቃት አየርና ከዋልታ በኩል ያለው ቀዝቃዛ አየር በሚገናኙበት አካባቢ ይፈጠራል። ፍጥነቱ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ አንዳንዴ ከ300ም በላይ ይሄዳል። የሚበረታው በሰሜኑ የቅዝቃዜ ወራት ነው። ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ የሚበር አውሮፕላን ፊት ለፊት ይጋፈጠዋል። ከአሜሪካ የሚመለሰው ግን በጀርባው ይገፋለታል።

በቁጥር እንየው። በመንገዱ ሁሉ በአማካይ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ አለ እንበል። ከነፋሱ ጋር የሚሄደው አውሮፕላን ከመሬት አንጻር በሰዓት 970 ይጓዛል። 11,560 ኪሎ ሜትሩን በ12 ሰዓት ገደማ ይጨርሳል። የሚጋፈጠው 830 ላይ ይቀራልና ወደ 14 ሰዓት ይፈጅበታል። ሁለት ሰዓት በነፋስ ብቻ።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2020፣ በእኛ በ2012 ጥር መጨረሻ ላይ፣ ኃይለኛ ማዕበል ጄት ስትሪምን አጠንክሮት ነበር። በዚያ ሌሊት አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 ከኒውዮርክ ተነስቶ ለንደን የደረሰው በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነው። በወትሮው ከ6 ሰዓት በላይ የሚፈጅ መንገድ ነው። ከመሬት አንጻር ፍጥነቱ በሰዓት ከ1,300 ኪሎ ሜትር አልፎ ነበር። የድምፅን ፍጥነት አለፈ ማለት ግን አይደለም፣ ምክንያቱም በዙሪያው ካለው አየር አንጻር የሚበረው በወትሮው ፍጥነት ነው። የተቀረው የወንዙ ፍጥነት ነው።

ወንበሩ ፊት ያለው ስክሪን ላይ ያለውን ካርታ ክፈቱት። ወደ አዲስ አበባ ስትመለሱ አትላንቲክ ላይ ፍጥነቱ 1,000 ሲያልፍ ልታዩ ትችላላችሁ። ስትሄዱ ደግሞ 800 አካባቢ ሲንፏቀቅ ታያላችሁ። ሞተሩ ደክሞት አይደለም።

"ምድር ስለምትሽከረከር ነው" የሚባለውስ?

ይህን ካፌ ውስጥ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ምድር ወደ ምሥራቅ ትሽከረከራለች፣ ስለዚህ ወደ ምዕራብ የሚበር አውሮፕላን አየር ላይ ትንሽ ቢቆይ ዋሽንግተን ራሷ ትመጣለታለች ይባላል። ሐሳቡ ደስ ይላል። ትክክል ቢሆን ደግሞ ወደ ዋሽንግተን መሄድ አጭር ይሆን ነበር።

ሚኒባስ ውስጥ የገባች ዝንብ አስቡ። ታክሲው በ60 ይሄዳል። ዝንቧ ከሹፌሩ ወደ ኋላ ወንበር፣ ከኋላ ወንበር ወደ ሹፌሩ ስትበር እኩል ጊዜ ነው የሚፈጅባት። የታክሲው መስታወት ላይ አትላተምም፣ ምክንያቱም በውስጡ ያለው አየር አብሮ እየሄደ ነው። አዲስ አበባም እኛን፣ ቤቱንና አየሩን ይዛ በሰዓት 1,650 ኪሎ ሜትር ገደማ ትዞራለች። አውሮፕላኑም ከመነሳቱ በፊት አብሮ ይዞር ነበር። ከተነሳም በኋላ ይዞራል። ሽክርክሪቱ በተዘዋዋሪ እጁ አለበት፤ ነፋሶቹ ወደ ምሥራቅ እንዲታጠፉ የሚያደርገው እሱ ነው። ከዚያ ውጪ ሰዓታችን ላይ የሚጨምረውም የሚቀንሰውም የለም።

ታዲያ ሲሄድ ደብሊን የሚቆመው፣ ሲመለስ የማይቆመው ለምንድን ነው?

ነዳጅ ለመቅዳት ነው። ጥያቄው ግን ይቀጥላል። ያው አውሮፕላን ሲመለስ ሳይቆም 13 ሰዓት መብረር ከቻለ፣ ሲሄድ ለምን ሙሉ ነዳጅ አይሞላም?

ቦሌ ላይ ያን ያህል ተሸክሞ መነሳት ስለሚከብደው ነው።

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። በዓለም ካሉ ትልልቅ አየር ማረፊያዎች ከፍተኞቹ ውስጥ ይመደባል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ከጅቡቲ የመጣ እንግዳ ፎቅ ሲወጣ ለምን ቁና ቁና እንደሚተነፍስ እናውቃለን። አውሮፕላንም ከዚህ አያመልጥም። ሞተሩ የሚስበው አየር ስለሚሳሳ ግፊቱ ይቀንሳል። ክንፉ የሚደገፈውም በአየር ስለሆነ በሳሳ አየር ላይ ያንኑ ክብደት ለማንሳት በፍጥነት መሮጥ አለበት። በባሕር ጠለል ከፍታ ባለ ማኮብኮቢያ በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር ላይ ብድግ የሚል አውሮፕላን ቦሌ ላይ ከ310 በላይ መድረስ ይኖርበታል። ያን ፍጥነት ለማግኘት ማኮብኮቢያው መርዘም አለበት፣ ጎማውም መቻል አለበት። ሞተሩ ግን ደክሟል።

አንድ የማይታለፍ ሕግም አለ። አውሮፕላኑ በመነሻው ቅጽበት አንድ ሞተሩ ቢጠፋ እንኳ በቀረው ሞተር ከፍታ መጨመር መቻል አለበት። በሰሜን በኩል ደግሞ እንጦጦ ቆሟል። ስለዚህ ምን ያህል መጫን እንደሚቻል የሚሰላው በዚህ ክፉ አጋጣሚ ልክ ነው። ተሳፋሪው አያውቀውም እንጂ በእያንዳንዱ መነሻ ስለ እሱ የሚደረግ ስሌት ነው።

ለረጅም በረራ የሚያስፈልገው ነዳጅ ደግሞ ቀላል አይደለም። ቦይንግ 787-8 ጋኑ ሲሞላ 126,000 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ክብደቱ 100 ቶን አካባቢ ነው። አውሮፕላኑ ከነጭነቱ ሊነሳ የሚችልበት ትልቁ ክብደት 228 ቶን ገደማ ነው። እንግዲህ ከጠቅላላው ክብደት ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነዳጅ ብቻ ሊሆን ይችላል። ቦሌ ላይ ከዚህ ክብደት መቀነስ ካለበት የሚቀነሰው ወይ ሰው ነው፣ ወይ ጭነት ነው፣ ወይ ነዳጅ። ሰው አይቀነስም።

ዳገት ላይ ቤት ያላት ሴት ሙሉ ጀሪካን ተሸክማ ወገቧን ከምትቆርጥ ግማሹን ይዛ ትወጣለች፣ ከላይ ቦኖ ካለ እዚያ ትሞላዋለች። አውሮፕላኑም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ከቦሌ ቀለል ብሎ ይነሳል፣ ደብሊን ላይ ይሞላል። ደብሊን ከባሕር ጠለል 100 ሜትር እንኳ ከፍ አይልም፣ አየሩ ወፍራምና ቀዝቃዛ ነው። በዚያ ላይ ከዚያ ወዲያ ጄት ስትሪምን መጋፈጥ አለ፣ ነዳጁ ያስፈልጋል። ሌሎች የአሜሪካ በረራዎችም በተለያየ ጊዜ በሮም ወይም በቶጎዋ ሎሜ በኩል ሲሄዱ የቆዩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሲመለስስ? ደለስም ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በታች ነው። ጋኑን ሞልቶ ይነሳል፣ ነፋሱ ከኋላ ይገፋዋል፣ አንድ ጊዜ ተነስቶ ቦሌ ላይ ያርፋል። ማረፍ እንደ መነሳት አይከብደውም፤ ቦሌ ሲደርስ አብዛኛው ነዳጅ ተቃጥሎ አልቋል።

ለአዲሱ አየር ማረፊያ የተመረጠው ቦታ ቢሾፍቱ አካባቢ ነው። ቢሾፍቱ ከተማ 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ከቦሌ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ይህ ችግሩን ያቃልለዋል። ነቅሎ አያጠፋውም፣ 1,900 ሜትርም ደጋ ነው። ግን እያንዳንዱ ቶን በሚቆጠርበት ሥራ 400 ሜትር ትልቅ ነገር ነው።

ደብሊን ላይ መንገደኛው አብዛኛውን ጊዜ አይወርድም። አውሮፕላኑ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። እናት አባታችሁን ስትልኩ ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። "ደረስን" ብለው ሻንጣ የሚያወርዱ አሉ። ያቺን ሰዓት ቆም ብለው እግራቸውን ቢያፍታቱባትና ውሃ ቢጠጡባት ይሻላል። 16 ሰዓት ተቀምጦ መሄድ እግር ያሳብጣል።

ስልኬ ላይ ያየሁት ሰዓት ለምን ከትኬቱ ያንሳል?

የርቀት ማስያዎች የሚሠሩት ቀላል ሒሳብ ነው። አጭሩን መስመር በአማካይ ፍጥነት ያካፍላሉ፣ ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይጨምራሉ። ነፋስ አያውቁም፣ የተዘጋ ሰማይ አያውቁም፣ ደብሊንንም አያውቁም። ትኬቱ ግን አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ጊዜ አንስቶ ደርሶ እስኪቆም ያለውን ሁሉ ይቆጥራል። ማኮብኮቢያ ላይ ወረፋ መጠበቅም አለበት። ለዚህ ነው አንዳንዴ "ቀድመን ደርሰናል" የሚባለው፤ ነፋሱ ረድቷል፣ ወይም ወረፋው አጥሯል።

ተቀባይ ሆናችሁ ደለስ ለምትጠብቁ ደግሞ፣ 08:15 አውሮፕላኑ የሚቆምበት ሰዓት ነው። ከዚያ የኢሚግሬሽን ሰልፍ አለ፣ ሻንጣ አለ፣ ጉምሩክ አለ። አክስቴ በሩ ጋ ብቅ ያለችው በዋሽንግተን ሰዓት ከረፋዱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ልጇ በዚያው አቆጣጠር ከጠዋቱ 7 ሰዓት ጀምራ አበባ ይዛ ቆማ ነበር። አሁን ሰው ልትቀበል ስትሄድ መጀመሪያ ስልኳ ላይ የበረራ መከታተያውን ትከፍታለች። አውሮፕላኑ መሬት ሲነካ ነው ከቤት የምትነሳው።